ድንጋይ የማትፈልግ መኪና

የሰላሁዲን ሬሳ ከጋራዡ ሳይወጣ የገዳዩ ስም ቆቦ ገበያ ደርሶ ነበር። ወሬ መቼስ ፍሬን የለውም። «አራጌ ነው» ተባለ፤ አብሮት የሚሠራው መካኒክ። ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ዛሬ ጠዋት ሰላሁዲን መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ መኪናዋ ተንሸራታ ጨፈለቀችው፤ ጎማ ሥር መኖር የነበረበት ድንጋይም ቦታው አልነበረም። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ኢንስፔክተር ዚነት ብዙ ያስፈልገኛል ባይ ናት። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የጠበቃት ግን የሟቹ ታላቅ ወንድም ረመዳን ነበር። ዘመዶቹን ይዞ ከዋጃ መጥቷል። ጋቢው ሥር የያዘው ነገር ዱላ አይመስልም።

«እህቴ፣» አላት ድምፁን ሳያነሳ፣ «ወንድሜን ዛሬ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ እቀብረዋለሁ። እስከዚያ ገዳዩን ከነማስረጃው ካሳየሽኝ ለሕግ እተወዋለሁ። ካላሳየሽኝ፣ አራጌን እናንተ ብትቆልፉበትም ወንድም አለው።»

ዚነት ይህን ነገር ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች አጎቷን የገደሉት እሱ ያላፈሰሰውን ደም ፈልገውበት ነው፤ እውነተኛው ገዳይ የታወቀው አጎቷ ከተቀበረ በኋላ ነበር። የአራጌ ወንድም ደግሞ አሁን ሮቢት ላይ ባጃጁን እየነዳ ይሆናል፤ የሆነውን እንኳ አልሰማም። ስልኩ አይነሳም።

አራጌ እስር ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ድንጋዩን ማታ በገዛ እጄ ነው ጎማዋ ሥር ያስደገፍኩት፣» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ሰላሁዲን ያለ ድንጋይ መኪና ሥር አይገባም። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጠዋት ዕቃ ግዛ ብሎ ጎብዬ ላከኝ፤ ስመለስ ሰው ተረባርቦ ያዘኝ።»

«ትናንት ለምን ተጣላችሁ?»

«በካምቢዮው። መኪናዋ የሐጂ ኡበይድ ናት፣ አሮጌ ላንድክሩዘር። ሐጂ በጦርነቱ ግራ ጉልበታቸውን ተመተው እግራቸው አይታጠፍም፤ ፍሪሲዮን መርገጥ አይችሉም። ሰላሁዲን የዘመኑን አውቶማቲክ ካምቢዮ አምጥቶ ከድሮው ትራንስፈር ጋር ላጋባው አለ።»

«ትራንስፈር?»

«ከካምቢዮው ኋላ ያለው ነው፤ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ ያካፍላል። ካቢኑ ውስጥ የራሱ አጭር ማርሽ አለው። ሁለቱ ስለማይገጥሙ ብረት ቀራጩ ሙንተሲር በቶርኖው መሀላቸው የሚገባ ማገናኛ አወጣለት። እኔ የእጅ ፍሬኑ ሳይገጠም አትሞክራት አልኩት። እሱ ‹ፒ ላይ ካቆምኳት ማን ያንቀሳቅሳታል?› ይላል።»

«ፒ፣ የመቆሚያው ማርሽ፣ አይይዝም?»

«ይይዛል እንጂ። ግን የሚቆልፈው ካምቢዮውን ነው። አጭሯ ማርሽ ኒውትራል ከሆነች ካምቢዮውና ጎማው ይለያያሉ፤ ፒ ላይ ሆና ቁልቁል ትሄዳለች። ይህን ስነግረው ‹እሷን ማን ይነካታል?› አለኝ።» አራጌ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ካምቢዮውን እንኳ አያስነካኝም ነበር። እንደ ሙሽራ ነው የጠበቃት።»

ጋራዡ የሟቹ ቤት አጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ መሬቱ ወደ ግንቡ ያዘቀዝቃል። ሙንተሲር፣ ያ ባለቶርኖ፣ ላንድክሩዘሯ አጠገብ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። አጭር ሰው ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ይበልጥ አሳጥሮታል።

«የእኔ ማገናኛ ተሰብሮ ነው የሚሉም አሉ፣» አለ። «ገብተሽ እይልኝ፣ በአላህ!»

ዚነት ድንጋይ አስደግፋ በባትሪ ብርሃን ሥሩን አየች። ማገናኛው ስንጥቅ የለበትም፤ ብሎኖቹም አንድ ሳይጎድል ጠብቀዋል። ወጥታ ካቢኑን ተመለከተች። ረጅሙ፣ የካምቢዮው ማርሽ፣ ፒ ላይ ነው። አጭሯም ገብታለች፤ ኒውትራል አይደለችም። መኪና እንዲህ ሆኖ ንቅንቅ አይልም። አራጌን ነጻ ማውጫው መንገድ የተዘጋ መሰላት። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«መኪናዋን ከላዩ እንዴት አድርጋችሁ አነሳችሁለት?»

«ምን እናነሳታለን፣ ገፋናት እንጂ። ሚስቱ መይሙና ስትጮህ ከሱቄ ሮጥኩ። የመኪናዋ ኋላ ግንቡን ነክቶ ቆሟል፣ የፊት ጎማዋ ደረቱ ላይ ነው። መንገደኛው ሁሉ ገብቶ ወደ ላይ ገፋት፤ እኔ በበሩ ገብቼ መሪ ያዝኩ። እሱን ካወጣን በኋላ መልሰን ግንቡ ላይ አስደገፍናት።»

«ማርሽ ነክተሃል?»

«ኧረ የት አግኝቼ! ወንበሩ ጭራሽ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ጫፉ ላይ ተንጠልጥዬ ነው መሪው ላይ የደረስኩት።»

«መኪናዋስ አስቸገረች?»

«የለም፣ እንደ ጋሪ ሄደች።»

ዚነት ወደ ግንቡ ሄደች። ግንቡ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል፣ ላዩ ላይ የጣቶች ቀይ አሻራ አለበት።

«ደሙ ነው!» አለ ሙንተሲር።

ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ዘይት ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው አይደል?»

መይሙና በለቅሶኞች መሀል ተቀምጣለች፤ እንባዋ አልቆ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ዚነት አጠገቧ በርከክ ብላ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለቻት።

«ለቁርስ ልጠራው ስወጣ ነው ያየሁት፣» አለች መይሙና። «ከእኔ ሌላ ሐጂ ኡበይድ ብቻ ነበሩ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ። ‹አሁን መድረሴ ነው› አሉኝ።»

«ሬሳውን ቤት ስታስገቡ ጋራዡ ውስጥ ማን ቀረ?»

«እሳቸው። መሸከም አይችሉ። ራሴን አዞረኝ ብለው መኪናዋ ውስጥ ሲቀመጡ አይቻለሁ።»

«ሰላሁዲን ከጎማ ሥር ድንጋይ ሲያነሳ የት ያስቀምጥ ነበር?»

«ግንቡ ሥር።» ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ሾፌር ሁሉ ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ ሲሄድ ይናደድ ነበር። ሰው ያደናቅፋል ይላል።»

ሐጂ ኡበይድ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ለቅሷቸው የማስመሰል አይደለም። ዚነት ይህን አይታ ይበልጥ ከፋት።

«መኪናዋ ጋራዥ ከገባች ወዲህ ሞክረዋታል፣ ሐጂ?»

«እኔ? ዛሬ ራሴን ሲያዞረኝ አረፍ አልኩባት እንጂ፣ ከዚያ በፊት አልተቀመጥኩባትም። ደግሞ ልጄ፣ አራጌን አደራ፣ እንዳትመቱት።»

ለአስር ሶላት ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ረመዳንና ዘመዶቹ በአንድ ወገን፣ አበጋሮቹ፣ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ በሌላ ወገን ቆሙ። አራጌ በሁለት ፖሊሶች መሀል ነው። ዚነት ብትሳሳት አመሻሹ ላይ ሮቢት ሌላ ሬሳ ይኖራል።

«ማገናኛው ደህና ነው፤ ሙንተሲር የለበትም፣» አለችና ቀድማ ያስደገፈችውን ድንጋይ አስነሳች። «አሁን ይህችን መኪና ግፏት።»

የረመዳን ዘመዶች ተረባርበው ገፉ። መኪናዋ ወይ ፍንክች።

«ጠዋት ግን እንደ ጋሪ ሄዳለች። ሰላሁዲን ፒ ላይ ሳያደርግ ሥሯ አይገባምና ያኔም ረጅሙ ማርሽ ፒ ላይ ነበር፣ አሁንም ፒ ላይ ነው። እንግዲህ ጠዋት አጭሯ ማርሽ ኒውትራል ነበረች ማለት ነው። ሬሳው ከወጣ በኋላ አንድ ሰው አስገብቷታል።»

ዚነት ግንቡ ሥር ወዳለው ድንጋይ ሄደች።

«ድንጋዩን ያነሳው ገዳይ ነው ተባለ። ይኸው የጣቶቹ ምልክት፣ ቀይ ዘይት። አራጌ ካምቢዮውን አልነካም፤ ጠዋት እዚያ ዘይት ውስጥ እጁን የነከረው ሰላሁዲን ብቻ ነው። ድንጋዩ የተቀመጠው ደግሞ እሱ ሁልጊዜ በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ድንጋዩን ያነሳው ራሱ ነው።»

«ወንድሜ ያለ ድንጋይ ሥራ አያውቅም!» አለ ረመዳን።

«አያውቅም። ለብቻው ቢሆን አያነሳውም ነበር። ያነሳው ለሰው ሊያሳይ ነው፤ ‹እዩ፣ ያለ ድንጋይ ትቆማለች› ሊል። ለማን ያሳያል? ሥራውን አምኖ ለሚረከበው ሰው ነው።» ወደ ካቢኑ ጠቆመች። «ሙንተሲር መሪ ሲይዝ ወንበሩ መጨረሻው ድረስ ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር። ያ መኪናዋ ከመገፋቷና ሬሳው ከመውጣቱ በፊት ነው። እግሩ የማይታጠፍ ሰው ካልሆነ ማን እንዲያ ይቀመጣል? ሬሳው ሲወጣስ ተመልሶ ካቢኑ ውስጥ የገባው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ። የሐጂ ኡበይድ ምርኩዝ ከእጃቸው ወደቀ።

«በአላህ እምላለሁ፣ አልገደልኩትም፣» አሉ። ከዚያ «ገድየዋለሁ» አሉ። ወዲያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ጠዋት ጠራኝ። ‹ሐጂ፣ ድንጋይ የማትፈልግ መኪና ሠራሁልዎ› አለኝ፤ ድንጋዩን አንስቶ እየሳቀ ሥሯ ገባ፣ ዘይት ታንጠባጥብ እንደሆነ ልይ ብሎ። እኔ መኪናዋ ላይ ወጥቼ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት መኪና ነዳሁ፤ ስቀመጥ ሁሌ እጄ ማርሹን ኒውትራል ያደርጋል፣ ሳላስበው። አዲሱን ማርሽ እጄ አላወቀውም። የድሮዋን፣ አጭሯን አገኘና ሳባት።»

«ከዚያስ?» አለ ረመዳን። እጁ ከጋቢው ሥር አልወጣም።

«ሄደች። ፍሬኑን በየትኛው እግሬ እንደምረግጥ ጠፋኝ። እሱ ከሥር ‹ሐጂ፣ ማርሿን ይመልሷት! ይመልሷት!› ይላል። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ዚነት አንድ ነገር ብቻ አልገባትም ነበር። «በኋላ ያስገቧት እንዳይታወቅብዎ ነው?»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት፤ ጥያቄው የገባቸው አይመስልም። «የለም። ይመልሷት ብሎኝ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ ይዞት ሲሄድ ገባሁና መለስኳት።»

ከአበጋሮቹ አንዱ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ። ረመዳን ጋቢው ሥር የያዘውን ጠመንጃ አውጥቶ አበጋሮቹ እግር ሥር አኖረና ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ማልቀስ ጀመረ።

መይሙና ቤት ውስጥ አልቀረችም ኖሯል። ሴቶቹ እየጎተቷት መሀል ገባች።

«የባሌን ሞት ለአላህ እተወዋለሁ፣ ሐጂ፣» አለች። «የእጅዎ ስሕተት ነው። አራጌን ግን ዓይንዎ እያየ ወሰዱት። ሲወስዱት ዝም አሉ። ያ የእጅዎ አይደለም።»

ፖሊሶቹ ሐጂን ብብታቸው ሥር ይዘው አነሷቸው። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

ዚነት በገዛ እጇ የአራጌን ካቴና ፈታች። ወንድሙ ስልክ አንስቷል፣ ሮቢት ነው፣ ደህና ነው ተባለ፤ አራጌ ግን የሰማ አይመስልም። ሰዉ ለቀብር ሲወጣ እሱ ወደ ግንቡ ሄደ፤ ቀይ አሻራ ያለበትን ድንጋይ ብድግ አድርጎ መጣ።

«ፒ ላይ ናት እኮ፣» አለው ሙንተሲር ቀስ ብሎ። «ማርሿም ገብታለች።»

አራጌ ተንበርክኮ ድንጋዩን ከኋላ ጎማዋ ሥር አስገባ፤ በእግሩ መታ መታ አድርጎ አጠበቀውና ሰላሁዲንን ሊቀብር ወጣ።