እናቱ ያልሰማችው ቃል

ተመራማሪዋ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታለች፤ የድምፅ ማጉያ ገመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ከግድግዳው ማዶ፣ ድምፅ በማያሳልፈው ክፍል፣ የሽቦ ቆብ ያጠለቀ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ነበር። የሕፃናት አንጎል ቋንቋን እንዴት እንደሚይዝ የሚጠናው እዚህ ነው።

ገመዱ የወጣው ከሟቿ ወንድም የመሣሪያ ሣጥን ነው። የምርምር ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሱ ነው። የፖሊስ መርማሪዋ ስትደርስ ካቴና ገብቶለት፣ የሚወስደው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን ታስቀራለችና።

«ገደልካት?»

«አልገደልኳትም። ሣጥኑ ኮሪደር ላይ ነው የሚውለው፤ ያለፈ ያገደመው ያነሣል።» ድምፁ ደረቅ ነው፤ የሌላ ሰው አድራሻ የሚነግራት ይመስል ነበር።

የሕፃኑ እናትም ፊቷ በድን ነው። «ምንም አልሰማሁም። ፈተናው እስኪያልቅ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ያደርጉብኛል።»

«ለምን?»

«ድምፁን ከሰማሁ ሳላውቀው ለልጁ እጠቁመዋለሁ አሉ። ካስረዱኝ ሁሉ የገባኝ ይቺው ናት።»

የሟቿ ረዳት ምድር ቤት ሆኖ የልጁን ዓይን በስክሪን ሲከታተል እንደነበር ተናገረ። «ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።» ከዚያ የእናትየዋን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አይዞሽ እህቴ፤ ቀኑ ቢከፋም ማሙሽ አፉን የፈታበት ቀን ነው።»

እናትየዋ ቀና ብላ አየችው። ወንፊት ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ሰው ሁሉ ጆሮው በተደፈነበት ቤት፣ ልጁ አፉን ሲፈታ ማን ሰማ?» አለች። «እናቱ አልሰማችም። ግድግዳው አያሳልፍም። የልጁ ክፍል ማይክራፎን ድምፁን የሚያደርሰው ሟቿ ክፍል ብቻ ነው። የተቀዳውን ድምፅ ሰማሁት፤ እውነትም ‹ውሃ› ብሏል።» ወደ ረዳቱ ዞረች። «አንተ የት ሆነህ ሰማኸው?»

«በስክሪኑ…»

«ስክሪንህ ዓይኑን ብቻ ነው የሚያሳየው። ድምፅም የለውም። ዓይን የሚከታተል ሰው ለልጁ የተሰማውን ካወቀ ወደሚፈልገው መልስ ያደላል ብላችሁ ድምፁን ራሳችሁ ዘግታችሁታል። ለሌላው ሁሉ ደንብ ታወጣላችሁ፤ ምላሳችሁን ትረሳላችሁ። ሟቿ አጠገብ ነበርክ።»

ረዳቱ ብዙም አልተከራከረም። «የጥናቱን ውጤት ከራሴ ፈጥሬ ጽፌ ነበር፤ ደረሰችብኝ። ልታጋልጠኝ ነበር» አለ።

«ውሃ» አለች እናትየዋ ለራሷ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ወንድምየው ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«እህቴ ሰማችው?»

ረዳቱ ወደ ወንድምየው ዞረ።

«አዎ። ‹ሰማኸው?› ብላ እየሳቀች ወደ እኔ ልትዞር ነበር።»