የሾፌሩ ረዳት

«እትዬ፣ ይሄን ውሻ አውቀዋለሁ!»

እትዬ ቁልፍ የእንስሳት መጠለያውን በር ገና እየከፈቱ ነበር። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ወገባቸው ላይ የሚንሿሿው የቁልፍ እስር ከሩቅ ስለሚያስታውቃቸው ግን ለማገዝ የሚመጡት ተማሪዎች ሁሉ እንዲህ ይሏቸዋል። ከበሩ ብረት ጋር በገመድ የታሰረ ትልቅ ቡናማ ውሻ እግራቸው ስር ተኝቷል። አፉ ዙሪያውን ሸብቷል፤ የአንድ ጆሮው ጫፍ የለም።

«የማን ነው?»

«የጓደኛዬ አያት ውሻ ነው። ቤት ሲቀይሩ በግርግሩ መሀል ወጥቶ ጠፋባቸው።»

«በይ እንግዲያው ደውይላቸው፤ ደስ ይበላቸው።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፈንጠር አለች። በቁመቷ ምክንያት ከልጅነቷ ጀምሮ «ቀጭኔ» ነው የምትባለው። የምትደውልላት ጓደኛዋ ደግሞ «ሬዲዮ» ትባላለች፤ አንዴ ከጀመረች የሚዘጋት የለምና።

«አገኘሁት! ውሻችሁን፣ ረዳትን አገኘሁት!»

ሬዲዮ በር ስትዘጋ ተሰማ።

«ሰማሽኝ? መጠለያው በር ላይ—»

«የእኛ አይደለም።»

«ጆሮው እኮ ራሱ ነው!»

«አይደለም አልኩሽ! በናትሽ፣ ዝም በይ።» ስልኩ ተዘጋ።

ቀጭኔ ወደ በሩ ተመለሰች። «ተሳስቼ ነው፤ አይደለም» አለች።

እትዬ ቁልፍ አጎንብሰው ገመዱን እየፈቱ ነበር። «የጠፋ ውሻ ራሱን በራሱ አያስርም» አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለቋጠሮው የሚናገሩ ይመስል።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሬዲዮ ጎትታ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወሰደቻት።

«አከራያችን ውሻ አይገባም አለች። እናቴ ሌላ ቤት ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። አባባ ይሄን ቢሰሙ ‹እሱ ከሌለ እኔም አልሄድም› ነበር የሚሉት፤ ታውቂያቸዋለሽ።»

ቀጭኔ ታውቃቸዋለች። አባባ የሚሏቸው የሬዲዮ አያት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ውሻውን ከአንድ ነዳጅ ማደያ በቡችላነቱ አንስተው ከጎናቸው ወንበር ላይ ነው ያሳደጉት። «የማይሰክር፣ የማያኮርፍ ረዳት አገኘሁ» ብለው ስሙን ረዳት አሉት። ጡረታ ሲወጡም አብሯቸው ወጣ።

«እና ጠፋ አላችኋቸው?»

«ያሰበችው እናቴ ናት።» ሬዲዮ ጫማዋን አየች። «ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። እሷ ገመዱን መቋጠር አቃታት።»

ቀጭኔ ጀርባዋን ሰጥታ ልትሄድ ስትል ሬዲዮ እጇን ያዘቻት።

«መንገድ ላይ አልጣልነውም እኮ። መጠለያ ነው። ይበላል፣ ይታከማል፣ አንቺም አለሽ። ቃል ግቢልኝ።»

እንባዋን ስታይ ቀጭኔ ቃል ገባች።

አዲስ የገባ እንስሳ መጀመሪያ ለብቻው ክፍል ይቆያል፤ በሽታ ይዞ ከሆነ ወደ ሌሎቹ እንዳይጋባ። ታጥቦ፣ ተከትቦ፣ ፎቶ ይነሳና ሰፈር ውስጥ ይለጠፋል። ባለቤት ካልመጣ አሳዳጊ ይፈለግለታል። ድመቶቹ ቶሎ ይወሰዳሉ፤ ቡችሎችማ ሰው ይሻማባቸዋል። ሽማግሌ ውሻ ግን ማንም አይመርጥም። ቀጭኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እየመጣች ሳህን ታጥባለች፣ ሰው የለገሰውን አሮጌ ፎጣ ታነጥፋለች፣ የበረኪና ሽታ እስኪያስነጥሳት ድረስ ወለል ትፈትጋለች። ሌሎቹ ውሾች ባልዲዋን ሲሰሙ ግቢውን በጩኸት ይቀውጡታል። ረዳት ብቻ ከጥጉ አይነሳም። አገጩን መዳፎቹ ላይ አሳርፎ በሩን ያያል።

ሥጋ በሩዝ ቀቅለው ሰጡት፤ አሽትቶ ተወው። እትዬ ቁልፍ በእጃቸው ሊያጎርሱት ሞከሩ። የመጠለያው የእንስሳት ሐኪም ግሉኮስ ሰካችለት።

«ስሙን ብናውቅ ጥሩ ነበር» አለች ሐኪሟ። «አንዳንዴ በስማቸው ሲጠሯቸው ይበላሉ።»

ቀጭኔ አንገቷን ደፋች። ሁለቱም ከወጡ በኋላ ተንበርክካ ጆሮው ላይ «ረዳት» አለችው። ቆራጣው ጆሮ ቀጥ አለ። ራሱን አነሳ፤ ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ፣ ከኋላዋ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስል በሩን አየ። ማንም እንደሌለ ሲያውቅ ተመልሶ ተኛ።

በማግስቱ አባባን አሮጌው ሰፈራቸው ውስጥ ባለው አውቶቡስ ፌርማታ አገኘቻቸው። ውሻ የድሮ ቤቱን አይረሳም ብለው በየቀኑ ይመጣሉ። ባዶውን የውሻ ማሰሪያ እጃቸው ላይ ጠቅልለው በቀጭኑ ያፏጫሉ፤ ያዳምጣሉ፤ ደግሞ ያፏጫሉ። ድካም ሲይዛቸው ምሰሶውን ተደገፉ። ምሰሶው ላይ ቀጭኔ ራሷ፣ እትዬ ቁልፍ ሰጥተዋት፣ በዚያው ጠዋት የለጠፈችው የረዳት ፎቶ ነበር። አባባ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ፎቶው ጉንጫቸው አጠገብ ሆኖ አላዩትም።

«ማነሽ? ረጅሟ ነሽ?»

«አዎ አባባ። ደህና ነዎት?»

«የት ደህንነት አለ፣ ልጄ። ይሄን ቀበጥ ውሻ አላየሽልኝም? በቀኝ ጆሮው ጎደሎ ነው።»

ቀጭኔ የሬዲዮን እንባ አስታወሰች።

«አላየሁም» አለች።

«ካየሽው፣ ሾፌሩ እየጠበቀህ ነው በይው። ይገባዋል።»

ያን ቀን ማታ ለሬዲዮ ደወለች። «ንገሪያቸው። መጥተው ይዩት፤ እሳቸው ካጎረሱት ይበላል።»

«ነገ» አለች ሬዲዮ።

በነጋታውም «ነገ» አለች።

ሐሙስ ቀጭኔ ስትደርስ የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ ቁልፍ ወለሉን በውሃ እየለቀለቁት ነው። ፎጣው የለም። ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ጠዋት ነው» አሉ። «ኩላሊቱ ደክሞ ነበር፤ ዕድሜውም ሄዷል። ሐኪሟ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች። ከግቢው ጀርባ ቀብረነዋል።»

«ብቻውን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌለት ነበር።»

ቀጭኔ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። «ስሙ ረዳት ነው» አለች እያለቀሰች። «አውቅ ነበር። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር።»

እትዬ ቁልፍ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ውሃውን ዘጉና አልቅሳ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆሙ።

ከመጠለያው ስትወጣ ለሬዲዮ ነገረቻት። ሬዲዮ በስልኩ ውስጥ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን እየሳበች፣ «አሁንማ አለቀ» አለች። «እንደጠፋ ይቅር። አንድ ቀን ይመጣል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ እኮ። ተስፋቸውን ለምን እንነጥቃቸዋለን?»

«ተስፋው እግራቸውን እየጨረሰው ነው» አለች ቀጭኔ፤ ዘጋችው።

ወደ ቤት የሚወስዳት መንገድ በግራ ነበር። እሷ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

አባባ ፌርማታው ጋ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች። ፉጨታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«አባባ፣ ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ። አይቼው ነበር። መጠለያው ውስጥ ነበር።»

ፊታቸው በራ፤ ሊነሱም ዳዳቸው። እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። አለመንቀሳቀሷን ሲያስተውሉ ቀስ ብለው ተመለሱ።

«ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ሞተ።»

አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ማንም ሳይወርድ ሄደ። አባባ ማሰሪያውን ከእጃቸው ፈቱ፣ መልሰው ጠቀለሉ።

«ይበላ ነበር?»

አዎ ማለት ይቀላት ነበር። «አይበላም ነበር» አለች።

«በር በሩን ነበር የሚያየው?»

«አዎ።»

«አውቃለሁ። ነዳጅ ልቀዳ ስወርድ እንኳ እንደዚያ ነበር።» ማሰሪያውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እዚያ ድረስ ማን ወሰ—»

ጥያቄውን ሳይጨርሱ እጃቸውን አነሱ።

«ተይው። አትንገሪኝ። ማታ ከቤት ሰዎች ጋር አንድ ገበታ ነው የምቀርበው።»

ክንዷን ይዘው ተነሱ። «የነበረበትን አሳዪኝ» አሏት።

መጠለያው ሲደርሱ እትዬ ቁልፍ ወንበር አመጡላቸው። አባባ ግን ገና ባልደረቀው ወለል ላይ፣ በጥጉ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ። ሌሎቹ ውሾች ጮኹ፤ ኋላም እየተዉ እየተዉ ዝም አሉ። ማንም ቶሎ ይነሱ አላላቸውም።

ቀጭኔ ወደ ግቢው ወጣች። ስልኳ ላይ ሬዲዮ ደጋግማ ደውላ ነበር። ሳታነሳው ልትቀር፣ ከዚያ በኋላም ለዘላለም ሳታነሳው ልትኖር ትችል ነበር። ደወለችላት።

«አባባ መጠለያው ውስጥ ናቸው።»

«ነገርሻቸው?»

«መሞቱን ነገርኳቸው። ሌላውን አልጠየቁኝም። ነይና ወደ ቤት ይዘሻቸው ግቢ፤ ሊመሽ ነው፣ መንገዱ አይታያቸውም።»



«ምን እላቸዋለሁ?»

«እኔ እንጃ» አለች ቀጭኔ። «ብቻ ነይ።»

ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከታ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትምጣ፣ ትቅር አላወቀችም። ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።