ጠባሳ የሌላት ጨረቃ

ባቡር ወደዚያች ከተማ ገና ባልገባበት ዘመን፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራ ሰሞን፣ አንድ አዛውንት ፎቶግራፍ አንሺ ከገበያው በላይ ካለው ሰገነታቸው ሆነው ጨረቃን አነሡ፤ ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበርና ግራው እስኪከተል አልጠበቁም። የፎቶግራፍ ሣጥናቸውን ከረጅሙ የሩቅ ማያ መነጽር ጋር አጋጥመው፣ ብሎኑን በእጃቸው እያዞሩ ተከተሏት። ሆን ብለው በግማሿ ነበር ያነሧት፤ ሙሉ ጨረቃን የፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚመታት ገጿ ልሙጥ ይመስላል፤ ግማሽ ስትሆን ግን ጥላው ተጋድሞ ተራራዋንና ጉድጓዷን ያወጣዋል። ፎቶግራፉ በሚታተምበት የመስተዋት ነጋቲቭ ላይ ያ ሁሉ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ግራ ዓይናቸው ጠፋ፤ ያቺ ነጋቲቭ ዓይናቸው ያየላቸው የመጨረሻ ሥራ ሆነች።

የአገሩ ገዥ ዓርማ ሙሉ ጨረቃ ነበረች፤ በሰንደቁም በማኅተሙም ላይ ትታይ ነበር። የሹመቱ በዓል ሲቃረብ የገዥው እልፍኝ አዛዥ ፎቶግራፉን በአዳራሹ ሊያሰቅል ፈልጎ መጣ፤ ባየው ጊዜ ግን ፊቱ ጠቆረ። ግማሽ ጨረቃ ማለት የጎደለ መንግሥት ማለት እንደ ሆነ፣ ጉድጓዱም በጌታው ላይ የተቃጣ ስድብ እንደ ሆነ ተናገረ። ከዚያም በነጋቲቭ ላይ እንከን የምታርመውን የአዛውንቱን ሴት ልጅ አስጠራ። ገዥው ፊቱን ፈንጣጣ የበላው ሰው ነበር፤ ጠባሳውን በቢላና በእርሳስ ከፎቶግራፉ የምታጠፋለት እሷ ነበረች። የራሱን ፊት መሸከም ያቃተው ሰው የሰማዩን ፊት ሊያስተካክል ተነሣ፤ እንዲህ ያለውን ድፍረት ታሪክ ክብር ብሎ ይጽፈዋል።

«የጌታዬን ፊት ያጠራ እጅ የጨረቃን ፊት ማጥራት አያቅተውም» አላት። «ጉድጓዱን ፋቂው፤ ጎዶሎውን ሙዪው። እስከ በዓሉ ዋዜማ ካልደረሰ መስተዋቱም ይሰበራል፣ ቤቱም ይታሸጋል።»

«እንደ ፈቃድዎ፣ ጌታዬ» አለች።

አዛውንቱ ከጓዳ ሆነው ሁሉን ሰምተው ነበር።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ሲባል ነው ያደግሁት፤ እነዚህ ግን ሰማዩንም ሊያርሱት ነው» አሉ። «በመስተዋቷ ላይ አንዲት ጭረት ካሳረፍሽ አባት የለሽም።»

ልጅቱ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከመደርደሪያው አንድ ክብ ሳህን አወረደች፤ ጀርባውን በኖራ ለቅልቃ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ አንጠልጥላ ፎቶግራፍ አነሣችው። ዳሩን በእርሳስ ጥቂት አደበዘዘችና በዋዜማው ፎቶግራፉን ከነነጋቲቩ አስረከበች። የእልፍኝ አዛዡ አገላብጦ አየና «ጨረቃ እንዲህ ናት እንጂ» ብሎ ሄደ። መኳንንቱም ሳህኑን ከአዳራሹ ራስ ሰቅለው እጅ ነሡት።

ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ ካባ እንዲሸለሙ ጥሪ መጣ። ልጃቸው መስተዋቷን ፍቃ የሰጠች መስሏቸው በቁጣ ነደዱ፤ ልጄ ብለው እንደማይጠሯትም ማሉ። እሷም እውነተኛዋን ነጋቲቭ ከተሸሸገችበት አምጥታ በእጃቸው አኖረቻት። ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሷት፤ የቢላ ጭረት ቢኖር ጥፍር ያውቀዋል፤ አልነበረም። የሰጠችው ሳህን እንደ ሆነ ስትነግራቸው ሣቁ፤ ሣቃቸውም ወዲያው ተቋረጠ።

«እንግዲህ ይህችን ለማን እናሳያታለን?» አሉ።

ይህን አላሰበችም ነበር። እውነተኛዋ በታየች ዕለት የአዳራሹ ሐሰት ይገለጣል፤ ሐሰቱ ከተገለጠ ደግሞ ገመዱ የሚገባው በእሷ አንገት ነው።

«አባባ፣ ላድናት ብዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። በይ ተነሽና ምሪኝ፤ ለሳህኑ ካባ ልልበስ።»

በገዥው ፊት ቆሙ፤ ተመሰገኑ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ አዳራሹን ሁሉ መሣቂያ ያደርጉት ነበር፤ ስለ ልጃቸው አንገት ግን ቃሏን ዋጧት።

ገዥው በኋላ ተሻረ፤ ሰንደቁም ተለወጠ። ሳህኑ ግን ከአዳራሹ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ገባ፤ ከሥሩም አዛውንቱ ጨረቃን ያለ አንዳች እንከን ያነሡ የመጀመሪያው ሰው ተብለው ተጻፉ። እውነተኛዋ የት እንደ ገባች የጠየቀ የለም። አዛውንቱም እስኪሞቱ ድረስ፣ ሰው ስለዚያ ሥራ ባመሰገናቸው ቁጥር፣ እጅ ነሥተው ዝም ይሉ ነበር።