የዋሷ ልጅ

«ውይ! ምንድነው እግሬን የመታኝ?» አለች ራዲዮ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ተረከዟ ከስር ካለ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጭቶ ነው።

ባትሪ ከሒሳብ መጽሐፉ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ሻንጣ ነው። የአክስቴ። ቦታ የለኝም ብላ አስቀመጠችው።»

«አክስትሽ ደግሞ ሻንጣ ምን ያደርግላታል? ከገበያ አልፋ የት ሄዳ ታውቃለች?» ራዲዮ ራሷ ቀልዳ ራሷ ሳቀች።

ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው የፊዚክስ መምህራቸው ነው። አንዷ ከጠዋት እስከ ማታ ትለፈልፋለች፣ ሌላዋ ከጎኗ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ቢመረው «ራዲዮና ባትሪ፣ ተለያዩልኝ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ እነሱ ግን አልተለያዩም። ከዚያ ወዲያ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው የለም።

«በይ ስሚኝ፣ ሰኞ የቡድን ሥራው ላይ አንቺ ሥዕሉን ትይዣለሽ፣ እኔ አወራለሁ። እሺ?»

«እሺ።»

«በደንብ በይው! ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል? ቻርጅ ጨርሰሻል እንዴ?»

ባትሪ ልትስቅ ሞከረች። ሰኞ እሷ ሌላ አገር ነው የምትነቃው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከነገ ወዲያ ነው።

ራዲዮ ደብተሯን ሰብስባ እንደወጣች የባትሪ እናት ከጓዳ ብቅ አለች። እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ወደ በሩ አየች።

«ስለ ሻንጣው ምን አልሻት?»

«የአክስቴ ነው አልኳት።»

«ጎሽ።»

ባትሪን ቃሉ ቀፈፋት። ትንሽ ልጅ ሆና ሳህን ሳትሰብር አጥባ ስትጨርስ ነበር እናቷ እንዲህ የምትላት።

አባቷ ውጭ አገር ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን የእሷና የእናቷ ቪዛ በመከራ ወጥቷል፣ ቶሎ ካልሄዱበት ደግሞ ጊዜው ያልፋል። እናቷ ለጉዞው ጣጣ ከምትሠራበት ላውንደሪ፣ ከሠራተኞች ብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድራለች። «ቤት ላሳድስ ነው» ብላ ነው የወሰደችው። ቁም ሣጥኑና ሶፋው ሲሸጥም ጎረቤት የሰማው «ቀለም ሊቀባ ነው» የሚል ነው። ብድሩ ያለ ዋስ አይሰጥም። ዋስ የሆነቻት ደግሞ ከጎኗ ቆማ አንሶላ የምትተኩሰው የራዲዮ እናት ናት። ተበዳሪው ከጠፋ ዕዳው ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል። የራዲዮ እናት ይህን አሳምራ ታውቃለች። የማታውቀው፣ ጓደኛዋ የዓመት ፈቃድ ብላ የወጣችው ላትመለስ መሆኑን ነው።

«እንንገራት እማ» አለች ባትሪ።

«ጀመረሽ ደግሞ! እዚያ ደርሼ እልክላታለሁ አላልኩሽም? የሰው ገንዘብ በልቼ ልጠፋ ነው እንዴ የምሄደው?»

«ታዲያ ለምን አንነግራትም?»

«ዛሬ ከነገርናት ነገ ቢሮው ይሰማል። ‹ዕዳሽን ከፍለሽ ሂጂ› ይሉኛል። ከየት አምጥቼ? እስከዚያ ቪዛው ይቃጠላል። አባትሽን ማየት አትፈልጊም?»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ የምትሸነፈው ባትሪ ናት። ትፈልጋለች። አባቷን በስልክ መስኮት ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ሲቆም ምን ያህል እንደሚረዝም እንኳ ረስታዋለች። ግን ደግሞ ባለፈው ሲደውል ሰምታዋለች። ቲኬቱን የቆረጠው እሱም እዚያ ተበድሮ ነው። ሥራው ቀዝቅዟል። «እንደምንም እንሆናለን» ሲል ድምፁ እንደ ደከመው ሰው ነበር። ታዲያ ለራዲዮ እናት የሚላከው ከየት ተርፎ ነው? ዕቃው ወጥቶ ባዶ የቀረው ቤት ግድግዳ በአራቱም በኩል እየተጠጋት መሰላት።

በማግስቱ እናቷ ላውንደሪ ላከቻት። «ጫማዬን ከመቀየሪያ ክፍሉ አምጪልኝ። ከማንም ጋር ወሬ እንዳትይዢ፣ ውልቅ በይ።»

ጫማውን አንስታ ልትወጣ ስትል ግን የራዲዮ እናት ከእንፋሎቱ መሀል አየቻት። ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች፣ ፊቷ በላብ ያብረቀርቃል፣ በግራና በቀኟ ሁለት የአንሶላ ክምር ቆሟል።

«መጣሽ የኔ ባትሪ! ያቺ ሰነፍ ፈቃድ ላይ ተንፈላሰሰች፣ አይደል? ይኸው ክምሯን እኔ ላይ ጥላብኝ!»

«ደህና ነዎት እትዬ?»

«ምን ደህንነት አለ? የትናንቱ ዝናብ የዚያችን ለፍላፊ አልጋ አበስብሶት ከእኔ ጋር ተኛች። በእንቅልፏም ታወራለች እኮ! ጆሮዬን በላችው።» ሳቀችና ካውያውን አንሶላው ላይ ገፋችው። «ቆርቆሮውን ልቀይር ብዬ ብድር ብጠይቅ፣ ‹ዋስ የሆንሽው ሳያልቅ አይቻልም› አሉኝ። ምን ቸገረኝ፣ እናትሽ ስትጨርስ እኔ እጀምራለሁ። እሷ እንደሆነች አንድም ቀን አታሳልፍም።»

ባትሪ ጫማውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እዚህ ብትናገር አለቃውም ሌላው ሠራተኛም ይሰማል፣ እናቷ አለቀላት። ዝም ብላ ብትወጣ ደግሞ ይቺ ሴት ነገም ከነገ ወዲያም ሁለቱን ክምር እየተኮሰች ትጠብቃለች።

«እትዬ።»

«ወዬ?»

«እናቴ… ከሥራ ሲወጡ ቤት ይምጡ ብላለች።»

ካውያው ቆመ። «ምነው፣ አመማት እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ናት። የምትነግርዎት ነገር አለ።»

 ቤት ገብታ ጫማውን አስቀመጠችና ከእናቷ ጋር ልብስ ስታጣጥፍ ቆየች። መናገር የቻለችው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው።

«እትዬ ልትመጣ ነው።»

እናቷ ያጣጠፈችው ሹራብ ከእጇ ወደቀ። «ማን ጠርቷት?»

«እኔ።»

እናቷ እጇን አነሳች፣ ልትመታት መሰለ፤ ከዚያ እጇ ራሱ ተመልሶ ወረደ። «ገደልሽኝ። በገዛ ልጄ አለቅኩ።»

«ምንም አልነገርኳትም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።»

«ምን ብዬ? በየትኛው ዓይኔ አይቻት?»

«እኔ ራዲዮን በየትኛው ዓይኔ ነው ትናንት ሳያት የዋልኩት?»

እናቷ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ባትሪ እናቷን እንዲህ አንሳ አይታት አታውቅም። አጠገቧ ሄዳ ልትቀመጥ ፈለገች፣ ግን ጊዜ አልነበረም፤ የራዲዮ ድምፅ ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ እየተሰማ ነው። አንድ ነገር ለእናቷ እየተረከች፣ በመሀል እየሳቀች ትመጣለች።

እናቷ ብድግ አለች። «የለችም በያት። ወጥታለች፣ ታመሽባለች በያት። በሞቴ ልጄ! አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረን!» ብላ ወደ ጓዳው ሮጠችና መጋረጃውን ጎተተች።

በሩ ተንኳኳ።

«ኧረ ክፈቱ! የምን በር መቆላለፍ ነው ገና ሳይመሽ?» አለች ራዲዮ ከውጭ። «ባትሪ! እግሬ አለቀ በናትሽ!»

ባትሪ የበሩን መቀርቀሪያ ያዘች። ከመጋረጃው በስተጀርባ እናቷ ትንፋሿን ስትውጥ ይሰማታል። ለአፍታ አባቷን አሰበችው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ፣ ከአንገቱ በታችም ሙሉ ሰው ሆኖ፣ ከሚወጣው መንገደኛ መሀል ሲፈልጋቸው።

ከዚያ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ራዲዮ አፏን ከፍታ ልትጀምር ስትል የባትሪን ፊት አየችና ዝም አለች። የራዲዮ እናት ከኋላ ቆማለች፤ ፎጣውን ከአንገቷ ማውረድ ረስታ ነው የመጣችው።

«እናትሽስ? የለችም እንዴ?»

ባትሪ ወደ ጓዳው አልዞረችም። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችውና ወደ ጎን ገለል አለች።

«አለች እትዬ። ይግቡ።»