ዓባይ ዳር ጋቢውን የሚጨምቀው

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ቢቸና ውስጥ አስራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ተማሪ ስለ ጋኔን ወይም ስለ ሙት መንፈስ ሲያወራ ከሰማሁ ጠመኔዬን አስቀምጬ ስለ ድምፅ ሞገድ የምሰብክ ሰው ነበርኩ። አሁን የማጫውታችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሻይ አዝዤለት ቀስ ብዬ ወሬ እቀይር ነበር፣ እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ አልቀየማችሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከታላቅ ወንድሜ ከይርጋ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዓባይን ወደ ማዶ ሲሻገር ሞተ፣ አስከሬኑም አልተገኘም። ከጉንደ ወይን በታች ባለው መሻገሪያ ሰው የሚያሻግረው አያሌው የሚባል ዋናተኛ ነው፣ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፍቶ፣ መንገደኛውን ከላይ አስይዞ፣ ራሱ እየዋኘ ይገፋል። አያሌውና ይርጋ ደግሞ በዚያው ዓመት በግጦሽ መሬት ዱላ ቀረሽ ጠብ ተጣልተው ነበር፣ ስለዚህ መሃል ወንዝ ላይ አመለጠኝ ሲል ከቤታችን ያመነው የለም። ሽማግሌ ገባ፣ ቄሶች ገቡ፣ አያሌው ድንጋይ ተሸክሞ እናቴ እግር ላይ ወደቀ፣ እሷም ለእግዚአብሔር ብላ ማረችው። እኔም የዕርቁን እንጀራ አብሬ ቆረስኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ ቀርቶ ነበር።

ባሕር ዳር ስማር ሐይቁ ላይ መቅዘፍ ለምጄያለሁ፣ በኋላም ሞጣ ላይ ያስተረጎምኩላቸው ፈረንጆች ጉዟቸውን አቋርጠው ሲመለሱ አንዲት በአየር የምትነፋ የአንድ ሰው ጀልባ ትተውልኝ ሄዱ። ባለፈው ታኅሣሥ ፈቃድ ወሰድኩና ከሞጣ በታች ካለው ከሰባራ ድልድይ ተነስቼ ብቻዬን እስከ ደጀኑ ዓባይ ድልድይ ልቀዝፍ ነው አልኩ። ባልደረቦቼ አበደ አሉ፣ እናቴ ጸበል ረጨችኝ። ለማንም ያልነገርኩት ግን ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ወስፌ መኖሩን ነው። ሐሳቤ ማንም በማይጠብቀኝ በኩል፣ በውሃው፣ ወደ መሻገሪያው መድረስ፣ ሰው በሌለበት የአያሌውን ከመነዳሪ በማይታይ ቦታ ወጋ ወጋ አድርጎ ጉዞዬን መቀጠል ነበር። መሃል ወንዝ ላይ ሲሟሽሽበት ማንን አመለጠኝ እንደሚል አያለሁ እያልኩ ነበር የምቀዝፈው። አብሮት የሚሻገር ሌላ ምስኪን እንደሚኖር አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም፣ ቂም እንዲህ ያደርጋል።

ቆላ ወርዶ ማን ይበርደዋል ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የወረድኩት፣ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ ገባ ስትል ከጮቄ በኩል የሚወርደው ነፋስ ገደል ለገደል ይመጣና እርጥብ ልብስ ላይ ካረፈ አጥንት ይሰብራል። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ የሚንደረደርበት ቦታ ላይ ተገለበጥኩ። ጀልባዋን ያዝኳት፣ ልብሴና የመኝታ ከረጢቴ ግን አንድ ሳይቀር ራሰ። አዞ እንዳይመጣብኝ ከውሃው ራቅ ብዬ አሸዋ ላይ ድንኳን ተከልኩ፣ ክረምት ጎርፍ ያመጣውን ግንድ ለቃቅሜ እሳት አነደድኩ፣ ልብሴን በገመድ ላይ ሰቀልኩ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ እሳቱን ልታቀፈው ምንም አልቀረኝም። ገና አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ ገደሉ ውስጥ ቶሎ ይጨልማል።

መጀመሪያ የሰማሁት ከማዶ ነው። እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዘዝ፣ ውሃው ጧጧ ብሎ ሲፈስ፣ ከዚያ ዝም። እንደገና ሲጠመዘዝ፣ ሲፈስ፣ ዝም። ዓሣ አጥማጅ ይሆናል አልኩና ጮክ ብዬ እንደምን አመሸህ ብዬ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ትንሽ ቆይቶ ያው ድምፅ ከእኔ በኩል መጣ፣ ከጀልባዬ አጠገብ። እመኑኝ፣ የሚሻገር ሰው ቢኖር ውሃው ይንቦጫረቅ ነበር፣ ምንም አልተንቦጫረቀም። የሰቀልኩትን ልብስ አየሁ፣ ሁሉም በቦታው ነው።

ቀጥሎ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ በቀስታ። ይርጋ ሊናገር ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ በልጅነታችን እንኳ።

ከእሳቱ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ የተቀመጠ ሰው ነበር። መቼ እንደተቀመጠ አላየሁም። ጋቢውን በሁለት እጁ ይዞ ይጨምቃል፣ ውሃው ይፈሳል፣ ይፈሳል፣ አያልቅም፣ አንድ ጋቢ ያን ያህል ውሃ ሊይዝ አይችልም፣ ይህን እኔ ነኝ የምላችሁ።

«መቼ ነው የምታመጣልኝ?» አለ።

አያሌውን ማለቱ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ይግረማችሁና በዚያች ቅጽበት ከፍርሃቴ ይልቅ ደስታዬ በለጠ፣ ሦስት ዓመት ብቻዬን የያዝኩትን ቂም የሚጋራኝ አገኘሁ፣ ያውም ባለቤቱን ራሱን።

«ነገ» አልኩት።

«ቶሎ በል፣ ይበርዳል።»

ከዚያ እሳቱ ብልጭ ሲል የተቀመጠበት ቦታ ባዶ ነበር። እስኪነጋ ከድንኳኔ አልወጣሁም። ጠዋት ሄጄ አሸዋውን በእጄ ማስኩት፣ እስከ ክንዴ ድረስ እርጥብ ነው፣ የእግር ዱካ ግን አንድም የለም።

በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ መሻገሪያው ጋ ደረስኩ። የፈለግሁት ሰው የሌለበትን ሰዓት ነበር፣ አያሌው ግን ከውሃው በጣም ርቆ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ያያል። ከስቷል፣ ጠጉሩ ነጥቷል። ከመነዳሪዎቹ ተሟሽሸው ግራር ላይ ተሰቅለዋል፣ ሸረሪት አድርቶባቸዋል። በወስፌ የሚወጋ ነገር አልነበረም። ሲያየኝ አልሸሸም፣ ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ ብቻ አንገቱን አስግጎ አየ።

ብቻዬን እንደመጣሁ ደግሞ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እግሩን እንኳ ውሃ ውስጥ እንዳላስገባ፣ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ደጋ እንደወጣች፣ እሱ ግን እዚህ ካልተገኘ ያ ሰው ቤቱ ድረስ እንደሚመጣበት ነገረኝ። ማን ነው የሚመጣው አልኩት፣ የማላውቅ መስዬ።

«ወንድምህ ነዋ። ሲመሽ ይመጣል፣ እዚያ ጋ ይቀመጥና ጋቢውን ይጨምቃል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ወንድሜን መቼ ነው የምታመጣልኝ ይለኛል።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩና ምን ብለህ መለስክለት አልኩት።

«ዓመት ሙሉ ዝም አልኩት። ትናንት ማታ ግን ታከተኝ። ነገ ይመጣል አልኩት።» አለና ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። «እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።»

እኔም ያልኩትን ነገርኩት። ሁለታችንም ፀሐይዋን አየናት፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ጀልባዬን፣ ድንኳኔን፣ ሻንጣዬን እንዳለ ትቼ፣ ልገድለው ከመጣሁት ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን አቀበቱን ሽቅብ ሮጥን። ግማሹ ላይ ስንደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ቆምኩ፣ እዚያ ላይ ነው ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ለአያሌው የነገርኩት። ይርጋ የሞተ ቀን ማዶ ላሉት ዘመዶቻችን ልቅሶ መድረስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አሞኛል ብዬ እሱን ላክሁት፣ አላመመኝም፣ በቴሌቪዥን የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር።

«እኔም እጁን ልይዘው እችል ነበር» አለ አያሌው።

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይህ ነበር፣ ይህን ከአፉ ብሰማ ምን እንደማደርገው ስንት ጊዜ አስቤ ነበር መሰላችሁ። የምቆጣበት ጊዜ ግን አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ከታች፣ ከቅርብ፣ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዘዝ ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ በኋላ ጉንደ ወይን እስክንገባ ሳንቆም ሮጥን።

ወደ ቢቸና ተመለስኩ፣ ማስተማሬን ቀጠልኩ፣ ስለ ድምፅ ሞገድ ግን ሌላ አስተማሪ ያስተምርልኛል። አያሌው ስልክ ቁጥሬን ወስዶ ነበር፣ አንድም ቀን ደውሎ አያውቅም፣ ባለፈው ወር አንድ ምሽት ግን ደወለ። ድምፁ ተሻሽሏል፣ ሚስቱም ተመልሳለታለች። ደህና ነኝ፣ እናትህ እንዴት ናቸው፣ አዝመራው ጥሩ ነው፣ ምናምን አለና ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወደ እኔ መምጣቱን ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆነው። አንተ ጋ መጣ እንዴ?»

አልመጣም አልኩት። ለምን በሹክሹክታ እንደመለስኩለት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።