አጣማጆቹ

ኃላፊዋ የነዋሪዎቹን የሳምንት ክኒን በየሳጥኑ እየከፈለች የሐሙሱ ሳጥን ላይ ስትደርስ ሾፌሩ ከኮሪደሩ ተጣራ።

«እትዬ፣ እስቲ ቶሎ ይምጡ።»

ቀለም ቀቢው ከደረጃው ሥር በጀርባው ተንጋሏል፤ አንገቱ ያላግባብ ዞሯል። ሸሚዙ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። ከእጁ አጠገብ ባዶ ጠርሙስ ወድቋል።

ቤቱ ከሱስ የተላቀቁ ሰዎች እግራቸውን እስኪተክሉ የሚኖሩበት ነው። ቀለም ቀቢው መጠጥ ካቆመ አስራ አንድ ወሩ ነበር። ከግቢው ጀርባ ሁለት ክፍል ተሰጥቶት፣ ቅዳሜ የአስራ ስድስት ዓመት ልጁ ልትቀላቀለው ነበር። ኃላፊዋ ስልኳን እያየች ለዚያች ልጅ ምን እንደምትላት ጨነቃት። አባትሽ ሰክሮ ወድቆ ሞተ ትበላት?

ፖሊሶች አስከትሎ የመጣው ኢንስፔክተር ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቀጭን ሰው ነበር። ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ አፉን አሸተተ፤ ጀርባውን ቀና አድርጎ ዳሰሰ። ከዚያ ጠርሙሱን በመሀረብ ይዞ ረጅም ጊዜ አሸተተው።

«ጠዋት ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ሌሎቹ ማልደው ሥራ ሄደዋል» አለች ኃላፊዋ። «እኔ ቢሮ፣ ሾፌሩ ክፍሉ፣ ልብስ ሰፊው ፎቅ ላይ ነበርን።»

ሾፌሩ ቤቱ ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነው። ጆሮው ሥር ሳሙና ደርቆበታል።

«ልታጠብ ገብቼ ሳሙናውን ከተቀባሁ በኋላ ነው ውሃ የለም የሚሉኝ። ቧንቧው ከንጋት ጀምሮ ደርቋል። ይኸው፣ እንደ ኬክ ተለስኜ ቀረሁ።»

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«ውሃ ፍለጋ ከክፍሌ ስወጣ።»

ልብስ ሰፊው ፎቅ ላይ ካውያ ይዞ ነበር። ቤቱ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ የሟቹም አጣማጅ ነው። አጣማጆች ጠዋት ጠዋት አንዱ የሌላውን ትንፋሽ በመለኪያ አይቶ ደብተር ላይ ይፈርማሉ።

«ሬዲዮ ከፍቼ ምን ይሰማኛል» አለ። «ምስኪን። ሰሞኑን ሁኔታው አላማረኝም ነበር። ልጁ ልትመጣ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ኃላፊዋ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ ጠየቃት። «እዚህ ቤት መጠጥ ቢገኝ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንደፋዋለን። ጠርሙሱን ደግሞ ሦስት ጊዜ እናለቀልቀዋለን፤ ሽታው ሰው እንዳይጠራ። እጃችን ከመልመዱ የተነሳ ሳናስበው ነው የምናደርገው።»

«ደብተሩን ያምጡልኝ። ሁላችሁም መመገቢያው ክፍል ተሰብሰቡ።»

ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሱን አቆመ።

«ሰውየው አልጠጣም» አለ። «አፉ አይሸትም። ሸሚዙ ከፊት ርሷል፣ ጀርባው ግን ደረቅ ነው። መጠጡ የፈሰሰበት ከወደቀ በኋላ ነው። ጠርሙሱስ? እስቲ ያሽትቱት።»

ኃላፊዋ አሸተተች። ምንም የለም።

«ታጥቧል» አለች ቀስ ብላ።

«ሰካራም ጠርሙስ አያጥብም። ያጠበው የዚህ ቤት ልማድ የገባው እጅ ነው።»

«እኔ እንኳ ፊቴንም አልታጠብኩ» አለ ሾፌሩ።

«አውቃለሁ። ቧንቧው ደረቅ ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?» ጠርሙሱን አነሳና ወዘወዘው። ታቹ የቀረችው ጠብታ እንደ ወተት ነጣች። «አሚዶ ነው። ኮሌታ የሚያጠነክሩበት። ፎቅ ላይ ከካውያው አጠገብ አንድ ጆግ አሚዶ የተበጠበጠበት ውሃ አይቻለሁ።»

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

«ደብተሩ ላይ ደግሞ» አለ ኢንስፔክተሩ «ሟቹ እስከ ትናንት ለእርስዎ ፈርሟል። ዛሬ ግን ቦታው ባዶ ነው። እምቢ አለዎት?»

ልብስ ሰፊው ጣቶቹን አቆላለፈ።

«ጠጥቼ ሁለት ቀን ሸፈነልኝ» አለ፣ ኃላፊዋን እያየ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ የቀመሰ በዕለቱ ይወጣል። በዚህ ዕድሜዬ የት ልግባ? ዛሬ ‹ለእሷ እንንገራት፣ አታባርርህም› ብሎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ልይዘው ስል ገፋሁት። እንዲሞት አልፈለግኩም።»

«መጠጡንስ ማን አፈሰሰበት?»

«ጠርሙሱን ክፍሌ ደብቄው ነበር። የሞተ ሰው ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ከደፋሁት በኋላ እጄ ወስዶ አጠበው። አጥቤ ስጨርስ ነው ከጎኑ መቀመጥ እንዳለበት ትዝ ያለኝ።»

«አዝኜልህ ነበር እኮ» አለች ኃላፊዋ። «ምስኪን ስትለው ትከሻህን ይዤ ነበር። አጣማጅህን ገድለህ ሰካራም አደረግኸው። ልጁንስ?»

ፖሊሶቹ ሲያስነሱት ወደ እሷ ዞር አለ።

«ብነግርሽ ታባርሪኝ ነበር?»

«አዎ» አለች። «ዛሬውኑ።»

እሱ ከወጣ በኋላም ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ መረረ ቆየ።

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ሟቹ ግን አታባርርም ብሎ አምኖብዎት ነበር» አለ፣ ሳይወቅሳት።

ለሟቹ ልጅ ደውላ፣ ስልኩ ሲጠራ ሁለቴ ተነፈሰች።

«ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ስሚኝ። አባትሽ አልጠጣም። እየሰማሽኝ ነው? ምንም አልጠጣም።» የቀረውን ተቀምጣ፣ አንድ በአንድ ነገረቻት።

ከዚያ ፎቅ ወጣች። ፖሊስ ጣቢያው ብርድ ነው። የልብስ ሰፊውን ሁለት ሱሪና ወፍራም ሹራቡን አጠፈች፤ መነጽሩን እንዳይሰበር ካልሲ ውስጥ ከተተች። የሻንጣው ዚፕ ተንቀራፈፈባት። ታግላ ዘጋችውና ፖሊሱ እንዲወስድለት ከበሩ ጎን አኖረችው።