ቶርዲስ በሠራተኞቹ ፊት

ቶርዲስ የሳልሞን ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካውን አንደኛ መስመር ስትመራ ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አታውቅም ነበር። «ያልኩት ይሁን» ካለች አለቀ፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ሁለተኛውን መስመር ሊመራ ከትሮምሶ ከተማ የመጣው ሆቫርድ ግን ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ዛሬ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» ይላል።

«አንተ አለቃ ነህ ወይስ እንግዳ ተቀባይ?» አለችው አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«አንቺስ? አለቃ ነሽ ወይስ የመርከብ ጡሩምባ?»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ምሳ ቤቱ ውስጥ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ሲጋገር ከጎኑ መቀመጥ ጀመረች። በመስኮቱ ጀልባዎቹን ሲያዩ ክርኑ ክርኗን ይነካል፤ ሁለቱም ፈቀቅ አይሉም። ብርዱ ሲጠና፣ ወደቡ ላይ ሳማት።

በየካቲት አራት መቶ ሳጥን ዓሣ የተሳሳተ ቀን ተለጥፎበት ከገዢዎች ተመለሰ፤ ከሆቫርድ መስመር የወጣ ነበር። የቶርዲስ ደም ፈላ።

«ይኸው የልምምጥ አመራርህ! ማዘዝ ካልቻልክ ቤትህ ግባ!» ብላ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኸችበት።

ሆቫርድ ፊቱ ቀላ። ለሥራ አስኪያጁም «መስመሩ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ» አለ።

ከሰዓት በኋላ አንጋፋዋ አሻጊ ጉድቬይግ ቶርዲስን ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ አገኘቻት።

«እሱ እረፍት የወጣ ቀን መስመሩን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ቀኑን ቀይሩ ያልሽንም አንቺ ነሽ። ተሳስተሻል ልንልሽ ስንል ‹ሥራችሁን ሥሩ› አልሽን። ሆቫርድ ያውቃል። እንዳንነግርሽ የለመነን እሱ ነው።»

ቶርዲስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መስታወቱ ውስጥ ራሷን ማየት አቃታት።

በማግስቱ ምሳ ቤት መሃል ቆመች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ነግራችሁኝ አልሰማሁም። ንጹሑን ሰው አዋረድኩ።»

ሆቫርድ ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ። ወደቡ ላይ ደረሰችበት።

«ጩኸትሽን እችለዋለሁ» አላት ባሕሩን እያየ። «ግን እንደ ባዕድ ነው ያየሽኝ። ወደ ትሮምሶ ልመለስ ነው።»

በሳምንቱ ሄደ።

በግንቦት ጀልባ ይዛ ወደ ትሮምሶ ሄደች። በሩን አንኳኩታ ደረጃው ላይ ስትጠብቅ ጉንጮቿ ምሳ ቤት መሃል እንደቆመችበት ቀን ይነዱ ነበር። ሆቫርድ ከፈተ።

«ልታባርረኝ ትችላለህ» አለች ጫማዋን እያየች።

አገጯን ይዞ ቀስ ብሎ ቀና አደረጋት።

«ግቢ፤ ነፋስ ነው» አላት።